የላላው መሪ

ወንድሜ መኪናዋን ያገኛት ጢስ ዓባይ ይሠራ ከነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። አብዮቱ ሲመጣ ሰውየው ወደ አገሩ ለመመለስ ጓዙን ሸከፈ፤ መኪናዋን ግን ይዞ ሊሄድ አልቻለም። ከወንድሜ ጋር በሥራ ይተዋወቁ ስለነበር ለእሱ ትቷት ሄደ። ወንድሜ የመሬት ቀያሽ ነበር። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ፤ ያኔ በከተማው ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የጥገና ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች ከአባታችን ጋር ባሕር ዳር በአንድ ግቢ ነበር የምንኖረው። አባታችን መሪጌታ ነበሩ፤ ቀናቸውን የሚያሳልፉት ወይ ቤተ ክርስቲያን ወይ ደጃፍ ላይ ዳዊታቸውን ይዘው ነው።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ የማትል፣ አፍንጫዋ የረዘመ ስፖርት መኪና ነበረች። ያኔም ቢሆን አዲስ አልነበረችም። አባቴ መጀመሪያ ያዩዋት ቀን ዙሪያዋን ከዞሩ በኋላ «ሰው እንዴት ተኝቶ ይሄዳል?» ብለው ወደ ቤት ገቡ። ወንድሜ ግን ይወዳት ነበር። ከሁሉም የሚወድላት መሪዋን ነው። ከመሪው በስተግራ አንዲት አጭር ዘንግ አለች፤ እሷን ሳብ ሲያደርግ መሪው ከነአንገቱ ወደ ላይ ይቀናል፣ ሲለቃት ባለበት ይረጋል። እግረ ረጅም ስለሆነ ሲገባና ሲወጣ ቀና ያደርገዋል፣ ሲነዳ ዝቅ። ቅዳሜ ከሰዓት ከፋብሪካው በር ይወስደኝና ከሐይቁ ዳር ዳሩን፣ በዘንባባዎቹ ሥር፣ ቀስ ብለን ወደ ዓባይ ድልድይ እንሄድ ነበር። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቦታ ይለውጠኝና እኔ እነዳለሁ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁትም በእሷ ተምሬ ነው።

ይህ ሁሉ የቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው። ወንድሜን ከሥራ ቦታው ወሰዱት። የቀይ ሽብር ጊዜ ነበር፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እኔና አባቴ ያለበትን እንኳ ሳናውቅ ብዙ ሰነበትን። በኋላ እዚያው ከተማ መታሰሩን ሰማንና ስንቅ ማመላለስ ጀመርሁ። ምግቡ ገብቶ ባዶው ሳህን ሲመለስልን፣ በሕይወት አለ ማለት ነው ብለን እናድር ነበር።

የቀበሌ ሰዎች ደግሞ ለመኪናዋ መጡ። ለአብዮቱ ሥራ ትፈለጋለች አሉ። አባቴ ቁልፉን አውጥተው ሰጧቸው። ከዚያ ወዲያ መኪናዋን የያዛት አንድ የካድሬዎች አለቃ ነው። ወፍራም ሰው ነበር፤ ፊቱን ላየው ክፉ አይመስልም። ፋብሪካችን ለስብሰባ ሲመጣ በመስኮት አየዋለሁ። መኪናዋ ዝቅተኛ ናት፣ እሱ ከባድ ነው፤ ለመውጣት መሪውን በሁለት እጁ አንቆ ይይዝና ክብደቱን ሁሉ ጥሎበት እያቃሰተ ይነሣል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚወጣው። ባየሁት ቁጥር ጥርሴን ነክሼ ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መኪናዋ በግቢያችን ማንጎ ዛፍ ሥር ቆማ አገኘኋት። የካድሬው ሰዎች ገፍተው አምጥተው ትተዋት ሄደዋል። መሪዋ እየዋዠቀ ሊገድለን ነበር ብለው ለአባቴ ነግረዋቸዋል። ካድሬው የሶቪየት ጂፕ ተሰጥቶት ነበርና ከእንግዲህ አላስፈለገችውም።

ወንድሜ የተፈታው ከዚያ በኋላ በነበረው ክረምት ነው። በር ሲመታ የከፈትሁት እኔ ነኝ። የመታው በእግሩ ነበር። ክንዶቹ ከትከሻው ወደ ታች እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠልጥለዋል። ልስመው ስጠጋ ሊያቅፈኝ አልቻለም፤ አገጩን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ምን እንዳደረጉት አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅነውም። እንዴት አስረው እንደሚሰቅሉ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ጣቶቹ ጥቂት ይንቀሳቀሳሉ፣ ነገር ግን አይጨብጡም። ሐኪሙ ከጊዜ ብዛት ይመለስ ይሆናል አለ፤ ይህን ሲናገር ግን ወደ እሱም ወደ እኔም አላየም።

እኔ አጎርሰው ጀመር፤ አባቴ ሸሚዙን ይቆልፉለታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ጉርሻውን ሲቀበል ዓይኑን ይጨፍን ነበር። ወደ ሥራው አልመለሱትም፤ ቢመልሱትም የቅየሳ መሣሪያ የሚያቆምበት እጅ አልነበረውም። ጠዋት እኔ ስወጣ ማንጎው ሥር ትቼው እሄዳለሁ፣ ማታ ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ። የቀድሞ ጓደኞቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እንዴት ነው ይሉኛል፣ ወደ ቤት ግን አይመጡም። አልፈርድባቸውም። ከእስር የወጣ ሰው ቤት መግባት በዚያን ጊዜ ራስን ማስመዝገብ ነበር።

አንድ እሑድ መኪናዋ ውስጥ አስገቢኝ አለኝ። በሩን ከፈትሁለትና ገባ። ክንዱን በትከሻው ወርውሮ መሪው ላይ ሲያሳርፈው መሪው ከነአንገቱ ጭኑ ላይ ዘጭ አለ። በጉልበቱ ወደ ላይ ሲገፋው ተነሣ፤ ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተንገዳገደ፣ ሊነቀል እንደደረሰ ጥርስ።

«ምን አድርገውት ነው?» አለኝ።

ካድሬው እንዴት ይወጣ እንደነበር ነገርሁት። እሱም በመሪው አንገት ውስጥ ደግፈው የያዙት አራት ብሎኖች እንዳሉ፣ መሪው ሲጎተት ሲጎተት እነሱ እንደሚላሉ፣ መሐንዲሱ ራሱ አንድ ጊዜ ፈትቶ ሲያጠብቃቸው አጠገቡ ቆሞ እንዳየ አስረዳኝ። እነሱ ከጠበቁ ሌላ ጉዳት የለውም አለ።

«አንቺ ትሠሪዋለሽ።»

«ጋሼ፣ ከተሠራች ይወስዷታል።»

«አውቃለሁ።»

«እንዲሁ ብትቀር አይሻልም? ቢያንስ ከዓይንህ ሥር ናት።»

«እንዲህ ሆና ላያት አልችልም» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ከወሰዷትም ደህና ሆና ይውሰዷት።»

አባቴ ከደጃፉ ሆነው ይሰሙን ነበር። ተነሥተው መጡና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ መሥራቱንስ ሥሩ፣ ብቻ መሪው ላላ፣ መሪው ሊወድቅ ነው እያላችሁ አትጩኹ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሰው አለ አሉን። ወንድሜ ሳቀ። አባቴ ግን የምራቸውን ነበር። ወንድሜም ትንሽ ቆይቶ ሳቁን ተወ፤ የታሰረው ከዚህ ባነሰ ነገር እንደነበር ትዝ ብሎት ይሆናል። ስለዚህ ሥራውን ሁሉ በሹክሹክታ ነው የሠራነው፣ መሪውንም «እሱ» እያልን።

ከቀበሌ ስብሰባ መልስ፣ እሑድ ከሰዓት ከሰዓት እንሠራ ነበር። ወንድሜ ከጎን ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ እኔ መሪው ፊት እቀመጣለሁ፣ እሱ በአገጩና በዓይኑ እያመለከተ ይነግረኛል። የጡሩምባውን ክዳን አነሣሁ፣ ሥሩ ያለውን ትልቅ ዳዶ ፈታሁ። መሪው ግን ከዘንጉ አልላቀቅ አለ፤ ዝገት ይዞታል። መዶሻ ሳነሣ ወንድሜ ከለከለኝ፤ ከመታሽው ውስጡ ያለው ሁሉ ይሰበራል አለኝ። ስቦ የሚያላቅቅ መሣሪያ ከፋብሪካው ሹፌሮች ለምኜ ተዋስሁ። የመሣሪያውን ብሎን ቀስ በቀስ ሳጠብቀው መሪው እንደ ጥይት ጮኾ ተላቀቀ። አባቴ ደንግጠው ከቤት ወጡ፣ ሁለታችንንም ደህና መሆናችንን አዩና ተመልሰው ገቡ።

ከመሪው ሥር አንድ ክብ ክዳን አለ፣ ከእሱ ሥር የፍሬቻው ማብሪያ ከነሽቦዎቹ። የፈታሁትን ሁሉ በሰፌድ ላይ በተራ እደረድራለሁ። መሪውን ወደ ላይ የሚያቅናው ሞላ ላይ ስንደርስ ወንድሜ ተጠንቀቂ አለኝ፤ ታምቆ የተቀመጠ ስለሆነ ቀስ ተብሎ ካልተለቀቀ ይዘላል። ቀስ እያልሁ ሳለ ካቻቢቴው አዳለጠኝ። ሞላው ተፈናጥሮ በወንድሜ ፊት አለፈ። ሊቀልበው እጁን አነሣ። እጁ እስከ ደረቱ እንኳ አልደረሰም። ሞላው የበሩን ጠርዝ መትቶ ሣሩ ውስጥ ወደቀ። ወንድሜ ወዴት እንደወደቀ አልተከተለውም፤ እጁን ነበር የሚያየው። ከእስር ከወጣ ጀምሮ እጁ አይሠራም እያልን ስንኖር፣ እሱ ራሱ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በልቡ ያመነው አይመስለኝም። ወርጄ ሣሩን በጣቶቼ እያበጠርሁ ፈለግሁ። ሞላውን ወዲያው አግኝቼዋለሁ፤ ጀርባዬን እንደሰጠሁት ትንሽ እንዲቆይ ብዬ ነው የዘገየሁት።

ስመለስ «አገኘሽው?» አለኝ። አዎ አልሁት። በዚያ ቀን ሌላ ነገር አልሠራንም።

አራቱ ብሎኖች ከታች፣ እጅ በማያስገባ ጠባብ ቦታ ነበሩ። ሁለቱ ወልቀው ሊወድቁ ደርሰዋል፣ ሁለቱ በጣት ይዞራሉ። ችግሩ የብሎኖቹ አናት ነው። እንደ ሌላ ብሎን ባለ ስድስት ጎን አይደለም፤ ዙሪያውን እንደ ኮከብ ጥርስ ጥርስ ያለው ነው። እንዲህ ያለውን የሚፈታ ቁልፍ ፋብሪካችን ውስጥ አልነበረም። ከተማው ውስጥ ያሉትን ጋራዦችም ጠየቅሁ፤ አይተውት አያውቁም። በፒንሳ ስሞክር ያንሸራትተኛል።

ስለዚህ አንዱን ብሎን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ሥራ ወሰድሁት። ከተጣለ ማሽን ላይ የተቆረጠ አጭር የብረት ቱቦ አገኘሁ። በምሳ ሰዓት፣ ሌሎቹ ሲወጡ፣ ቱቦውን እሳት ውስጥ ከትቼ እስኪቀላ ጠበቅሁና ብሎኑ ላይ በመዶሻ እየመታሁ አለበስሁት፤ የኮከቡ ቅርጽ ውስጡ ላይ ታተመ። ከዚያ በሞርሳ አስሬ የተረፈውን በሞረድ አስተካከልሁ።

የከበደው ከፋብሪካው ማውጣቱ ነው። በዚያ ጊዜ ከፋብሪካ ቁራጭ ብረት ይዞ ሲወጣ የተገኘ ሰው ሌባ አይባልም ነበር፤ አሻጥረኛ ነው የሚባለው። ወንድሟ ታስሮ የነበረ ሴት ስትሆን ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ቁልፉን ከነብሎኑ ጸጉሬ ውስጥ ሸሽጌ በሻሽ ጠመጠምሁበት። በር ላይ የምትፈትሸን ሴት ኪሴን፣ ወገቤን፣ የምሳ ዕቃዬን አየች። ከዚያ እጇ ሻሼ ላይ አረፈ። ብረቱ ተሰምቷት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እለፊ አለችኝ። ቤት ደርሼ ለወንድሜ ከየት እንዳመጣሁት አልነገርሁትም፤ እሱ ግን ቁልፉን አገላብጬ ሳሳየው ገባው። ፊቱ ተለወጠና «ሁለተኛ እንዳታደርጊው» አለኝ።

ብሎኖቹ እንደገና እንዳይላሉ የሚጠመዘዙበትን ጥርስ የሚያጣብቅ ነገር ያስፈልጋል አለ። እንዲህ ያለውን ነገር ማግኘት የሚታሰብ አልነበረም። ቀለም ብቀባውስ አልሁት። የቀበሌ ሰዎች አጥራችን ላይ መፈክር ሲጽፉ ጥለውት የሄዱት ቆርቆሮ ነበር፣ ታቹ ላይ ትንሽ ቀይ ቀለም የቀረበት። የብሎኖቹን ጥርስ በእሱ ቀብቼ አንድ በአንድ አጠበቅሁ። ወንድሜ «አይዞርም? እርግጠኛ ነሽ?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ክንዴ እስኪዝል አጥብቄዋለሁ።

ሁሉን መልሼ ስገጥም ፀሐይ ወደ ሐይቁ ዘቅዝቃ ነበር። መሪውን ይዤ ወደ ላይም ወደ ታችም ነቀነቅሁት፤ ፍንክች አላለም። ትንሿን ዘንግ ስስባት ቀና አለ፣ ስለቃት ረጋ። ወንድሜ ወደ ሹፌሩ ወንበር ተዛወረ። እጆቹን አንሥቼ መሪው ላይ አስቀመጥሁለት። ትንሽ ቆዩና በራሳቸው ክብደት ተንሸራትተው ጭኑ ላይ ወደቁ። ደግሜ አስቀመጥሁ፤ ደግመው ወደቁ።

«ተይው» አለኝ። «ጠንክሯል። ደህና አድርገሽ ነው የሠራሽው።»

ያን ያህል ከለፋሁ በኋላ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። የተሰማኝ ድካም ብቻ ነው። አባቴ ቆመው ሲያዩን ቆዩና፣ እንግዲህ መኪናዋ ለማን ነው የምትነዳው ብለው ጠየቁ። እኔ ሰፌዱን አንሥቼ መሣሪያዎቹን መልቀም ጀመርሁ።

ቢሆንም አንድ ቅዳሜ ከሹፌሮቹ ባትሪ ተዋስሁ። ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ ከእነሱው ጥቂት ለምኜ ጨመርሁባት። መኪናዋ ብዙ ከተነጫነጨች በኋላ ተነሣች። እኔ ነዳሁ፣ ወንድሜ ከጎኔ ተቀመጠ። በሐይቁ ዳር ሄድን። ነጠላውን እጆቹ ላይ ጣል አድርጌለት ነበር፤ ሰው እንዳያየው ራሱ ነው የጠየቀኝ። መንገድ ላይ ሰዎች ዞረው ያዩናል፤ ወንድሜን ሲያውቁት ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። ድልድዩ ጋ ደርሼ ልሻገር ስል እንመለስ አለኝ። ለምን አልሁት። ደከመኝ አለ። ስንመለስ የካድሬው ጂፕ ከፊታችን መጣና አለፈን፤ በመስታወት ሳይ ፍጥነቱን ቀንሶ ነበር።

በዚያው ሳምንት ካድሬው ከሹፌሩ ጋር ግቢያችን መጣ። ለአባቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ እንዴት ሰነበቱ አላቸው። ለወንድሜ እጁን ዘረጋለት። ወንድሜ ቆሞ ያየዋል። ሰውየው የዘረጋውን እጅ ትንሽ ካቆየ በኋላ መለሰና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ወደ መኪናዋ ሄደ፣ ገብቶ ተቀመጠና መሪውን ነቀነቀ።

«ማን ነው የሠራው?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት ወንድሜ «እኔ ነኝ» አለ።

ሰውየው የወንድሜን እጆች አየ። እኔም አየኋቸው፣ አባቴም፣ ሹፌሩም። የት እንዲያ እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱ ደግሞ ከሁላችን ይበልጥ ሳያውቅ አይቀርም። ቁልፉ ከየት መጣ፣ ማን ቀረጸው ብሎ ቢጠይቅ እኔ አልቆልኝ ነበር። አልጠየቀም። «ጎበዝ» አለ፣ በማይሰማ ድምፅ። ከዚያ መሪውን በሁለት እጁ አንቆ፣ ክብደቱን ጥሎበት፣ እንደ ቀድሞው እያቃሰተ ወጣ። ለሹፌሩ በዓይኑ ምልክት ሰጠው። ሹፌሩ መኪናዋን አስነሥቶ ከግቢ አወጣት፣ እሱ በጂፑ ተከተለ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አባቴ ወንድሜን ተቆጡት። ያልሠራኸውን ሠራሁ ብለህ ለምን ራስህን ታስበላለህ አሉት።

«ከዚህ በላይ ምን ያደርጉኛል፣ አባባ?» አለ።

አባቴ ገብተው በራቸውን ዘጉ።

ከዚያ ወዲያ መኪናዋን አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። ከአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ጎማዋ ተወልቆ በድንጋይ ላይ ቆማለች። ለወንድሜ አልነገርሁትም፤ እሱም ስለ እሷ ጠይቆኝ አያውቅም። በመሥራታችን ተጽናንቶ ይሆናል የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እንዲያ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ያየሁት ግን ሌላ ነው። እስከዚያ ድረስ ቢያንስ የሚጠብቀው እሑድ ነበረው። ከዚያ በኋላ ማንጎው ሥር መቀመጡንም ተወ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ይተኛል። ክንዶቹ እየቀጠኑ ሄዱ። ሳጎርሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀበለኝና አፉን ይዘጋል። እቱ፣ በቃኝ ይለኛል። ያምሃል ወይ ስለው አያመኝም ይላል።

አንድ ጠዋት አባቴን ወደ ገዳም ይውሰዱኝ ብሎ ለመናቸው። በተማሪነታቸው ከአባቴ ጋር አብረው የነበሩ መነኮሳት በሐይቁ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ነበሩ። ሴት የማይገባበት ገዳም ነው። እዚያ ማን ያጎርሰዋል፣ ማን ያለብሰዋል ብዬ ተከራከርሁ። ወንድሜ ሰምቶኝ፣ አንቺ እንድታርፊ ነው አለኝ። ማረፍ አልፈልግም አልሁት። ለካስ ጉዳዩ የእኔ ማረፍ አልነበረም፤ በእኔ ፊት እንዲህ ሆኖ መኖሩ ነበር የከበደው።

ሲሄድ ወደብ ድረስ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲያ ጀልባ ባገኘሁ ቁጥር እስከ ደሴቱ ዳር እሄዳለሁ። አንድ መነኩሴ እየደገፉ ወደ ውኃው ዳር ያመጡታል፤ እኔ ጀልባ ላይ፣ እሱ ድንጋዩ ላይ ሆነን እናወራለን። ስለ ፋብሪካው ይጠይቀኛል፣ ስለ አባቴ ጉልበት ይጠይቀኛል። በአንዱ ክረምት ማዕበሉ በርትቶ ብዙ ቀን ጀልባ አልተንቀሳቀሰም። መንገዱ ሲከፈት የመጣው መልእክት አባቴን የሚጠራ ነበር።

አባቴን ተከትዬ ሄድሁ። እሳቸው ወርደው ወደ ላይ ወጡ፣ እኔ ከቀዛፊው ጋር ጀልባው ላይ ቀረሁ። የፍትሐቱ ጸሎት አይሰማም ነበር፤ ቅጠሉን የሚያንሿሿው ነፋስ ብቻ። ሲመለሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ወረዱ።

«የት ነው?» አልኋቸው።

«ከቤተ መቅደሱ በስተምሥራቅ፣ ከወይራ ዛፍ ሥር» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ከውኃው ላይ ሆኖ የሚታየው ጫካው ብቻ ነበር፤ የትኛው ወይራ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ቀዛፊው ነፋሱ ሳይበረታ እንሂድ አለ። አባቴ አጠገቤ ተቀመጡና ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ወደ ባሕር ዳር ተመለስን።